ከእጅ አንጓ እስከ ብብት፦ ነርቭን በአልትራሳውንድ መከተል

ክርኑን ከበር ጠርዝ ወይም ከጠረጴዛ ማዕዘን ጋር አጋጭቶ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ይነዝራል፤ ንዝረቱም ከክርን ተነሥቶ በክንድ ውስጠኛ ጎን ይወርድና ትንሿ ጣት ጫፍ ላይ ይደርሳል። አብዛኛው ሰው አጥንቱ የተመታ ይመስለዋል። የተመታው ግን ነርቭ ነው። አልናር የሚባለው የክንድ ነርቭ ክርን ላይ ሲደርስ በሁለት የአጥንት ጉብታዎች መካከል ባለች ጠባብ ስርጉድ ውስጥ ያልፋል፤ በዚያ ቦታ ከላዩ ቆዳና ስስ ሽፋን እንጂ ሥጋ የለውም። ክንድን ግማሽ አጥፎ ስርጉዷን በሌባ ጣት የዳበሳት ሰው፣ ከጣቱ ሥር ሸርተት የሚል ክብ ነገር ያገኛል። ጫን ማለት ግን አያስፈልግም።

እንዲህ በጣት የሚገኝ የነርቭ ክፍል ጥቂት ነው። ቀሪው በጡንቻዎች መካከል፣ በአጥንት ጥግ፣ በደም ሥር አጠገብ ተሰውሮ ይሄዳል። ስለዚህም ሐኪም ለብዙ ዘመን ነርቭን የሚያውቀው በሥራው ነበር። ጣቱ ይደነዝዛል ወይ? መርፌ ሲነካው ይሰማዋል ወይ? አንጓውን ቀና ማድረግ ይችላል ወይ? በኋላ የኤሌክትሪክ ምርመራ መጣና ነርቩ መልእክት በምን ፍጥነት እንደሚያሳልፍ መለካት ተቻለ። ነርቩን ራሱን በዓይኔ ልየው ያለ ሐኪም ግን ቢላዋ ማንሣት ነበረበት። ዛሬ ያለ ቢላዋ የሚያሳየው መሣሪያ ለአብዛኞቻችን እንግዳ አይደለም፤ ነፍሰ ጡሮች ሆዳቸው ላይ ጄል ተቀብቶ የሚታዩበት ያው አልትራሳውንድ ነው።

መሣሪያው ወደ ማህፀን ሕክምና የገባበት ታሪክ በደንብ ይታወቃል። በስኮትላንዷ ግላስጎው የማህፀን ሐኪም የነበረው ኢያን ዶናልድ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ በሆድ ውስጥ ያሉ እብጠቶችን በድምፅ ሞገድ እንዴት እንደመረመረ እ.ኤ.አ. በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። የእጅና የእግር ነርቮች ግን ተራቸው የደረሰው በጣም ዘግይቶ ነው። ፈረንሳዊው የራዲዮሎጂ ሐኪም ብሩኖ ፎርናዥ እነዚህን ነርቮች በአልትራሳውንድ ያሳየበትን ጽሑፍ ራዲዮሎጂ በተባለው መጽሔት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ፅንስ ለማየት የበቃ መሣሪያ ነርቭ ለማየት 30 ዓመት ለምን ፈጀበት? ምክንያቱ ያለው ድምፁ ላይ ነው።

የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ ከ20 እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። ሆድ የሚታይበት አልትራሳውንድ በሰከንድ ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል፤ በባለሙያዎቹ አነጋገር ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ማለት ነው። ድምፁ የሚወጣው መርማሪው በእጁ ከሚይዘው ፕሮብ ነው። ፕሮቡ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው የሚንቀጠቀጡ፣ ድምፅ ሲመታቸው ደግሞ በተራቸው ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ጥቃቅን ቁሶች ተደርድረዋል። ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ክሪስታሎች መኖራቸውን ወንድማማቾቹ ፒየርና ዣክ ኩሪ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1880 ነበር፤ ለሕክምና ይውላል ብሎ ያሰበ በጊዜው አልነበረም።

ፕሮቡ አጭር ድምፅ ይልክና ዝም ብሎ ያዳምጣል። ድምፅ በለስላሳው የሰውነት ክፍል ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከቆዳ 1 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ካለ ነገር ነጥሮ ለመመለስ አንድ ሰከንድ ለሚሊዮን ቢከፈል ከክፍልፋዮቹ 13ቱ ይበቁታል። ማሽኑ የመመለሻውን ጊዜ ወደ ርቀት፣ የማሚቶውን ብርታት ወደ ብርሃን ይለውጠዋል። ብዙ ማሚቶ የሚመልሰው ነገር ስክሪኑ ላይ ይነጣል፤ የማይመልሰው ይጠቁራል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚሠራ የምናየው ፎቶ ሳይሆን የሚንቀሳቀስ ምስል ነው።

ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ታዲያ ተጠጋግተው ያሉ ሁለት ነገሮችን መለየት ያቅተዋል። በ3.5 ሜጋኸርዝ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከ0.4 ሚሊሜትር ይበልጣል። ለፅንስ ጭንቅላት ይህ ምንም አይደለም። የክንድ ነርቭ ግን ሙሉ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ ውስጡ ደግሞ ከዚያም ባነሱ ክፍሎች የተሞላ ነው። ወደ 15 ሜጋኸርዝ ሲወጡ ሞገዱ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ያጥርና እነዚያ ክፍሎች መለየት ይጀምራሉ። ዋጋም ያስከፍላል። ድምፁ በቀጠነ መጠን ሥጋ ውስጥ ቶሎ ይደክማል፤ ጥቂት ሳንቲሜትር ገብቶ ያልቃል። ማህፀን ጋ አይደርስም። ለክንድ ግን ከበቂ በላይ ነው፤ አንጓ ላይ ያለው ነርቭ ከቆዳ 1 ሳንቲሜትር እንኳ አይርቅም። የነርቭ ሕክምና ሲጠብቅ የኖረው እንዲህ ያለ ቀጭን ድምፅ የሚያወጡ ፕሮቦችን ነበር። ዛሬ ለክንድ የሚመረጡት ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆነ፣ 12፣ 15፣ 18 ሜጋኸርዝ የሚደርሱ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ የሚያልፉ ናቸው።

በዚህ ድምፅ ነርቩን አግድም ሲያዩት የሚታየው የማር እንጀራ ነው፤ ጠቆር ጠቆር ያሉ ክብ ቀዳዳ መሳዮች፣ በመካከላቸው ነጫጭ ግድግዳዎች። ጥቋቁሮቹ የነርቭ ክሮች ተጠቃለው የሚሄዱባቸው ጥቅሎች ሲሆኑ፣ ነጫጮቹ ጥቅሎቹን የሚሸፍነውና እርስ በርስ የሚያያይዘው አካል ነው። ከጣሊያኗ ጄኖቫ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት በአልትራሳውንድ የታየውን ነርቭ በማይክሮስኮፕ ከታየው ጋር አስተያይቶ ይህንኑ አረጋግጧል። እግረ መንገዱንም ስክሪን ላይ የሚቆጠሩት ጥቅሎች በእርግጥ ካሉት እንደሚያንሱ አሳይቷል። ማለትም ምስሉ እውነተኛ ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም።

ለጀማሪ የሚያስቸግረው ጅማት ነው። የእጅ አንጓን በመዳፉ በኩል ብንመለከት ከአንዱ ነርቭ ጋር ተጨናንቀው የሚያልፉ ዘጠኝ ጅማቶች አሉ፤ ሁሉም ክብ ክብ፣ ሁሉም ነጣ ያሉ። አንዱን ጅማት ነርቭ ነው ብሎ ለክቶ መመለስ ቀላል ነው። የሚያድን ብልሃት ግን አለ። ፕሮቡን ከቦታው ሳያነሡ ጥቂት ዘንበል ሲያደርጉት ጅማቱ ድምፁን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያነጥረው ወዲያው ይጠቁራል፤ ነርቩ ያን ያህል አይለወጥም። ታካሚው ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ ጅማቶቹ ይሮጣሉ፤ ነርቩ ገለል ይላል እንጂ አብሯቸው አይሮጥም። ይህም ካላረካ ፕሮቡን ወደ ክርን እየገፉ መከተል ነው። ጅማት ጥቂት ሄዶ ጡንቻ ይሆናል። ነርቭ ግን እስከ ብብት ድረስ ነርቭ ነው።

የዚህ ምርመራ ነገር ሁሉ ያለው እዚህ መከተል ላይ ይመስለኛል። ነርቭ በአንድ ምስል አይታወቅም። የሠለጠነ መርማሪ መጀመሪያ የሚሄደው ሕመሙ ወዳለበት ቦታ ሳይሆን ነርቩ በቀላሉ ወደሚገኝበት ነው። ሚዲያን የሚባለውን ነርቭ በክንድ መሐል፣ በሁለት የጡንቻ ድርቦች መካከል ነጥሎ ያገኘዋል። አልናርን ከአንጓ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከሚመታው የደም ሥር ጎን ይፈልገዋል። ራዲያል የተባለውን ሦስተኛውን ነርቭ በላይኛው ክንድ፣ በጀርባ በኩል አጥንቱን ተጠግቶ ሲዞር ይይዘዋል። ከዚያ ዓይኑን ሳይነቅል ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል፤ ውፍረቱ የት ተለወጠ? የማር እንጀራው የት ጠፋ? ታካሚዎች አጣጥፈው ይዘዋት የሚዞሩት የታተመች ምስል ለሌላ ሐኪም ብዙ የማትነግረው ለዚህ ነው። ጉዞው ወረቀቷ ላይ የለም።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት የ55 ዓመት እናት መጡ እንበል። ሐኪሟ ፕሮቡን ከማንሣቷ በፊት ትጠይቃለች።

«እናቴ፣ ሌሊት ያስነሣዎታል?»

«ምን ሌሊት አለ ልጄ! እጄን ሳራግፍ ሳራግፍ ነው የሚነጋልኝ።»

«የትኛው ጣትዎ ነው የሚደነዝዘው?»

«ሁሉም።»

«ትንሿም?»

ትንሿን ጣታቸውን ነካ ነካ አድርገው ያስቡና «እሷስ ደህና ናት» ይላሉ።

የትንሿ ጣት መትረፍ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሚዲያን ነርቭ ስሜት የሚሰጠው ለአውራ ጣት፣ ለሌባ ጣት፣ ለመሐል ጣትና ለቀለበት ጣት ግማሽ ነው፤ ትንሿን የያዘው አልናር ነው። ሌሊት መባሱና እጅን በማራገፍ ፋታ ማግኘቱም የሚዲያን ነርቭ አንጓ ላይ የመጨቆኑ የተለመደ ምልክት ነው። በዚያ ቦታ ወለሉና ግድግዳው የአንጓ ትንንሽ አጥንቶች፣ ጣሪያው ጠንካራ ጅማታዊ ሽፋን የሆነ መተላለፊያ አለ። መተላለፊያው አይሰፋም፤ በውስጡ አንዳች ነገር ካበጠ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ለስላሳው ነርቭ ነው።

እናትየዋ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው እጃቸውን ትራስ ላይ ያሳርፋሉ። ጄሉ ይቀዘቅዛል፤ ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ጄሉ የሚቀባው በፕሮቡና በቆዳው መካከል አየር እንዳይገባ ነው፤ ድምፁ አየር ካገኘ ወደ ሥጋ ሳይገባ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ሐኪሟ ነርቩን ክንዱ መሐል ላይ ታገኘውና እየተከተለች ወደ አንጓ ትወርዳለች። ክንድ ላይ ጥቅሎቹ አንድ በአንድ ይለያሉ። መተላለፊያው በር ላይ ስትደርስ ነርቩ ወፍሯል፤ ጠቁሯል፤ ነጫጮቹ ግድግዳዎች ጠፍተዋል። ጥቂት ገባ ሲል ከጣሪያው ሥር ጠፍጥፎ ይታያል።

የተጨቆነ ነገር መቅጠን ሲገባው ለምን ወፈረ? መቅጠኑስ ይቀጥናል፤ ግን ጫናው ባረፈበት ቦታ ብቻ ነው። ከጫናው ከፍ ብሎ ያለው ክፍል የነርቩ ጥቃቅን የደም ሥሮች ፍሰታቸው ስለሚታወክና ፈሳሽ ስለሚጠራቀምበት ያብጣል። አልትራሳውንድ የሚለካው ይህን እብጠት ነው። ሐኪሟ የነርቩን ዙሪያ፣ ከነጩ ጠርዝ ውስጥ ውስጡን በመስመር ትከበዋለች፤ ማሽኑ ስፋቱን በካሬ ሚሊሜትር ይነግራታል። ጤነኛ ሚዲያን ነርቭ አንጓ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ካሬ ሚሊሜትር አያልፍም። በኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ የነበሩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህን መለኪያ ካስተዋወቁ ወዲህ ብዙ ጥናት ተሠርቶበታል፤ የአሜሪካ የነርቭና ጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ልኬቱ ትክክለኛና ለምርመራ ሊቀርብ የሚችል መሆኑን ተቀብሏል።

ቁጥሩን ግን እንደ ሕግ ማየት አይገባም። አንዱ ክፍል 9ን፣ ሌላው 12ን ወሰን ያደርጋል። ሰው ከሰው ይለያል፤ ግዙፍ ሰው ወፈር ያለ ነርቭ ቢኖረው አይገርምም። ለዚህም ነው በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2008 የአንጓውን ልኬት ከዚያው ሰው ክንድ ልኬት ጋር ማነጻጸርን ያቀረቡት፤ አንጓው ላይ ያለው ከክንዱ 1.4 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ ያጠራጥራል። ሰውየውን ከራሱ ጋር ማስተያየት ከማያውቀው ብዙ ሰው አማካይ ጋር ከማስተያየት ይሻላል፤ እኔንም ይህኛው ይበልጥ ያሳምነኛል።

የእናትየዋን ሕመም ሥራቸው ነው ወይ ያመጣባቸው? አንጓን እያጎነበሱ ኃይል የሚጠይቅ ተደጋጋሚ ሥራ መሥራት፣ በተለይ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ መያዝ ለዚህ ሕመም እንደሚያጋልጥ ይታወቃል። ግን እርግዝና፣ የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስና የመገጣጠሚያ ብግነትም ያመጡታል፤ ስለዚህ እንጀራ መጋገሩን ብቻ ወንጅሎ መሸኘት ትክክል አይሆንም። አልትራሳውንዱ አንዳንዴ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ምክንያት ያሳያል። መተላለፊያው ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ የፈሳሽ ከረጢት፣ ያበጠ የጅማት ሽፋን፣ ወይም ከፅንስነት ጊዜ የቀረ፣ በነርቩ ጎን የሚያልፍ ትርፍ የደም ሥር ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ ሰው ነርቩ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ያልፋል። ጣሪያውን በቀዶ ሕክምና ሊከፍት የተዘጋጀ ሐኪም ይህን አስቀድሞ ማወቁ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቀለል ላለው ሕመም ግን ቀዶ ሕክምና አይቸኮልም፤ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ወይም የኮርቲዞን መርፌ ይሞከራል።

ወደ ክርን ስንመለስ የአልትራሳውንድ ሌላ ጸጋ ይታያል። በማግኔት ምስል የሚያነሣው ኤምአርአይ ታካሚውን አትንቀሳቀስ ይለዋል፤ አልትራሳውንድ ተንቀሳቀስ ይለዋል። ሐኪሙ ፕሮቡን ስርጉዷ ላይ እንደያዘ ታካሚው ክርኑን ቀስ ብሎ ሲያጥፍ፣ በአንዳንዱ ሰው አልናር ነርቭ ከስርጉዷ ወጥቶ የአጥንቱን ጉብታ ተሻግሮ ቁጭ ሲል፣ ሲዘረጋ ደግሞ ሲመለስ በዓይን ይታያል። ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይም የሚታይ ስለሆነ ብቻውን በሽታ ነው አይባልም። ትንሿ ጣቱ የሚደነዝዝበት ሰው ላይ ሲገኝ ግን መላምቱን ያጠናክራል።

አልናር ነርቭ በአገራችን ሌላ ከባድ ታሪክ አለው። የሥጋ ደዌን የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው፣ ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይወዳል። ነርቭ ውስጥ ገብቶም ይኖራል። ለቆዳ ቀርቦ፣ ከሰውነት ሙቀት ርቆ የሚያልፈው የክርን ነርቭ ደግሞ ይመቸዋል። የትንሿና የቀለበት ጣት መቆልመም፣ ትኩስ ነገር ይዞ አለመሰማት፣ ከዚያም ቁስል የሚከተለው ነርቩ ሲጎዳ ነው፤ ባክቴሪያው ጣትን አይበላም። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም፣ በጎኑ ያለውና በሃንሰን ስም የሚጠራው የምርምር ተቋም ደግሞ በ1970 ሲከፈት ዋና ሥራቸው ይህ በሽታ ነበር። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ ሆኖም ኢትዮጵያ ውስጥ አሁንም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ።

በእነዚህ ተቋማት የሠለጠነ ጤና ባለሙያ የወፈረ ነርቭ በጣቱ ዳብሶ ማግኘት ያውቃል። ችሎታው ትልቅ ነው፤ ሆኖም ጣትና ጣት አይስማማም፣ አንዱ ወፍሯል ያለውን ሌላው ደህና ነው ሊለው ይችላል። አልትራሳውንድ እዚህ ላይ ቁጥር ይሰጣል። ከዚያም አልፎ ቦታውን ይለያል። በተራ ጫና የታመመ አልናር የሚያብጠው በአብዛኛው እዚያው ክርኑ ላይ ነው፤ በሥጋ ደዌ የተጎዳው ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚወፍረው ከክርን ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ በላይኛው ክንድ ላይ ነው። ክርኑን ብቻ አይቶ የሚመለስ መርማሪ ያልፈዋል። የሚከተል ያገኘዋል።

የደም ፍሰት የሚያሳየው ዶፕለር ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። በጤነኛ ነርቭ ውስጥ ያለው የደም ፍሰት እጅግ ትንሽ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ አይወጣም። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ሰውነቱ በድንገት ሲቆጣና ነርቩ ብግነት ሲይዘው ግን በማር እንጀራው መካከል ቀይና ሰማያዊ ብልጭታ ብቅ ይላል። እንዲህ ያለው ቁጣ ጊዜ አይሰጥም። የነርቩ ሥራ መዳከም ከጀመረ 6 ወር ሳይሞላው ብግነት በሚያበርደው ስቴሮይድ የታከመ ሰው የእጁን ስሜትና ጉልበት መልሶ የማግኘት ዕድል አለው፤ ከዚያ ሲዘገይ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል።

ራዲያል ነርቭን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ አደጋ ነው። ጠጥቶ ክንዱን ወንበር መደገፊያ ላይ አንጠልጥሎ ያደረ ሰው ጠዋት አንጓው አልነሣ የሚለው ይህ ነርቭ ከአጥንት ጋር ተጣብቆ ሲጨፈለቅ ስላደረ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ይመለሳል። የላይኛው ክንድ አጥንት መሐሉ ላይ ሲሰበር ግን ነገሩ ይከብዳል። እንዲህ ከተሰበሩ 100 ሰዎች ወደ 12ቱ የራዲያል ነርቭ ጉዳት ይገጥማቸዋል። ከእነዚህ የሚበዙት ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ጥያቄው የማይድኑት እነማን ናቸው የሚለው ነው። ነርቩ ተለጥጦ ነው፣ በሁለቱ ስባሪዎች መካከል ተቀርቅሮ ነው፣ ወይስ ተበጥሶ? ሦስቱም ላይ አንጓው እኩል ይወድቃል።

የኤሌክትሪክ ምርመራ በዚህ ሰዓት ብዙ አይረዳም። የተበጠሰ ነርቭ ከቁርጡ በታች ያለው ክፍሉ ለጥቂት ቀናት መልእክት ማሳለፉን ይቀጥላል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ክፉኛ ተጎድቶ ያልተበጠሰውን ከተበጠሰው ለመለየት ወራት ይጠይቃል። ጊዜው ደግሞ ይሮጣል። ነርቭ ሲበቅል በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 12 ሳንቲሜትር ለመሄድ 4 ወር። ጡንቻውም ከዓመት ከዓመት ተኩል በላይ ነርቩን አይጠብቅም። አልትራሳውንድ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱን ጫፎች ተለያይተው ሊያሳይ ይችላል። አጥንቱ በብረት ከታሰረም በኋላ ፕሮቡን በጎን አድርጎ ነርቩን ማየት ይቻላል፤ በኤምአርአይ ብረቱ አካባቢውን ያበላሸዋል። ወደ ወጌሻ ለሚሄደው ወገናችንም ይህ ይመለከተዋል። ብዙ ወጌሾች ክንድ በሚገባ ያቃናሉ፤ በሸምበቆ ጠብቆ የታሰረ ክንድ ግን ደም ሥሩም ነርቩም ሊታፈን ይችላል። ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም አልንቀሳቀስ ካለ ማሰሪያውን ፈትቶ ሆስፒታል መሮጥ እንጂ ምስል የሚያስጠብቅ ጊዜ የለም።

አልትራሳውንድ ታዲያ የኤሌክትሪኩን ምርመራ ሊተካው ነው ማለት አይደለም። አንዱ ነርቩ ምን እንደሚመስል ያሳያል፤ ሌላው እየሠራ መሆን አለመሆኑን። ወፍሮ የሚሠራ ነርቭ አለ፤ መልኩ ሳይለወጥ ያቆመም አለ። በዘር የሚመጡ የነርቭ በሽታዎችና ሰውነት የራሱን ነርቭ የሚያጠቃባቸው ሕመሞች ነርቮችን በብዙ ቦታ ሊያወፍሩ ይችላሉ፤ እነሱን ለመለየት ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ነርቭን በአልትራሳውንድ ማየትን ከሁሉ ይበልጥ ያለማመዱት ምናልባት የሰመመን ሐኪሞች ናቸው። ክንድ በቀዶ ሕክምና ሊከፈት ሲል ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ማስተኛት ግድ አይደለም፤ ከአንገት ሥር ወጥተው ወደ ክንድ የሚሄዱትን ነርቮች ማደንዘዝ ይበቃል። ጀርመናዊው ዲትሪክ ኩለንካምፕፍ እ.ኤ.አ. በ1911 ከአንገት አጥንት በላይ መርፌ ወግቶ ይህን ሲያሳይ መጀመሪያ የሞከረው በራሱ ላይ ነበር። አስፈሪው ነገር ሳንባ ከነርቮቹ ሥር ቅርብ መሆኑ ነው፤ መርፌው ትንሽ ከጠለቀ ሳንባውን ይበሳል። ለብዙ ዓመታት መርፌው ነርቩ ጋ መድረሱ የሚታወቀው በሕመምተኛው ንዝረት ወይም በጡንቻው መንጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ቪየና የነበሩት ስቴፋን ካፕራልና ባልደረቦቹ መርፌውን በአልትራሳውንድ እያዩ መምራትን አሳተሙ። አሁን ሐኪሙ የመርፌውን ጫፍ፣ ነርቮቹን፣ በጎናቸው የሚመታውን ትልቅ የደም ሥርና ከሥር ነጥቶ የሚታየውን የሳንባ ሽፋን በአንድ ስክሪን ያያል። መድኃኒቱ ሲረጭ ጥቁር ፈሳሽ ሆኖ ነርቮቹን ሲከብብ ስለሚታይ መጠኑንም መቀነስ ተችሏል።

ምርመራው ጨረር የለውም፤ ነፍሰ ጡርም ሕፃንም ይታይበታል፤ ዋጋውም ከኤምአርአይ ጋር አይወዳደርም። ድክመቱ መርማሪው ነው። ያልተለማመደ እጅ ከውድ ማሽን ላይ ምንም አያወጣም፤ ከአጥንት ጀርባ ያለውን ደግሞ የትኛውም እጅ አያሳይም። የሚያስደስተው፣ ልምምዱ ሬሳም ታካሚም አይጠይቅም። ጠፍጣፋ ፕሮብ ያገኘ የሕክምና ተማሪ በገዛ ግራ ክንዱ ላይ ሚዲያንን ፈልጎ፣ ዘጠኙን ጅማቶች ለይቶ፣ አልናርን እስከ ክርኑ ተከትሎ መማር ይችላል። በየጤና ተቋሙ ለእርግዝና ክትትል የተገዙት ማሽኖች ብዙ ጊዜ የጎደላቸው ይህችው ፕሮብና የሚያስተምር ሰው ይመስለኛል።

ላኪው ሐኪምም ድርሻ አለው። የመላኪያው ወረቀት ላይ የትኞቹ ጣቶች እንደደነዘዙ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ሌሊት ይብስ እንደሆነ፣ ስብራት ወይም ስኳር ይኖር እንደሆነ ከተጻፈ መርማሪው የትኛውን ነርቭ ከየት ተነሥቶ እንደሚከተል ያውቃል። «የቀኝ ክንድ አልትራሳውንድ» ተብሎ ብቻ ሲመጣ ግን ፕሮቡን አስቀምጦ ታካሚውን ከሀ መጠየቅ አለበት፤ የሚያውቁበትም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።